ሳህን ሲመለስ

ከሰባ ደረጃ ዝቅ ብሎ ካለው፣
ስሙን ከበሩ ላይ ዝናብ ከነቀለው፣
ከዚያ ምግብ ቤት ነው ዕድሜዬን የጋገርኩ፣
ለልጆቼ ዳቦ ከሱቅ እየተበደርኩ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ገበታ ቅቤውን
ከድስት አቅልጬ፣ ዱቄት አስከትዬ፣
ወተቱን በቀጭኑ፣ እንደ ሐሜት ወሬ፣
አንቆረቁራለሁ፣ እንዳይጓጉል ብዬ።
ገውዝ ፈቅፍቄበት፣ ጨው ከእፍኝ አትርፌ፣
ልኩን እጄ ያውቃል፤ አያውቀውም አፌ።
ነጩን ብቻውንማ ሐሙስ እልሰዋለሁ፤
ሥጋው ከገባ ግን አፍንጫ እሆናለሁ።

እንደ እንግዳ አልጋ፣ አንሶላ በአንሶላ፣
ፓስታውን አንጥፌ፣ ሳልሳውን ከኋላ፣
ፎርማጆ በትኜ፣
ከዚያ ፕሮሹቶውን፣ ዓመት ጨው የበላው፣
ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ብራና የመሰለው።
ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ግን አያመሰኳ፤
በሹካ አነሳለሁ ጣቴ እንዳይነካካ።
የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነበረ፤
«እጅሽ ምን በደለ፣ አፍሽ ከታጠረ?»

ሲኞራ ኢዳ ሳሉ በእንጨት ማንኪያ ጫፍ
ይቀምሱልኝ ነበር፣ ዓይናቸውን ከድነው፤
«እህ» ካሉ ጨው ነው፣ ዝም ካሉ ልክ ነው።
እሳቸው ጉለሌ ከተኙ ወዲህ
ኢድሪስ አሳላፊው «አርቂው» ይለኛል፣
ምንትዋብ ጾማለች፣ ሽንኩርት ያስለቅሳታል፤
ጓዳው ሙሉ ሰው ነው፣
አንድ ቀማሽ ጠፋ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ፎርኖውን ከፈትኩት፤
አናቱ ቀልቷል፣ ዳሩን ግን አሳረርኩት።
ይሁን። የዳር ወዳጅ አይጠፋም ፒያሳ።
ቆርጬ ላኩና
ከቢራ ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴ እስኪነሣ።

ሳህን ሲመለስ ነው እኔ የምቀምሰው።
አንዱን በዳቦ ልብ ጠርጎ ልኮታል ሰው፤
አንዱ ያረረውን በቢላ ፍቆ በልቷል፣
ሹካና ቢላውን አጋድሞ ሄዷል።
አንዷ ግን፣ የመስኮት ዳሯ ሴት መሰለችኝ፣
ከመሀል በልታለት አንዲት ጥግ ላከችልኝ፤
ማንም ያልነካት ጥግ፣
ከነሥጋዋ፣ ከነነጯ።

ጨው ነው? ገውዝ ነው?
ወይስ ስልክ ተደወለላት?
አፍንጫዬን አስጠግቼ
ጥጓን ጠየቅኳት።
አልመለሰችም።

ምንትዋብ ልታጥበው እጇን ስትሰድ፣
«ቆይ» አልኳት፣ «ያቺን ሳህን ተይልኝ።
ገና አልጨረስኳትም።»