ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ

ሚያዝያ ነው። ከሰይናዮኪ ወዲያ ሜዳው ገና አልደረቀም፤
በረዶው ቦይ ውስጥ አድፎ፣ ሊሄድ ፈልጎ አልለቀቀም።
ባለምስማሩን ጎማ አውልቄ ከግንቡ አስደገፍኩ፣
አዲሶቹን ቸርኬዎች ከየካርቶናቸው እንደ ጨቅላ አቀፍኩ።
ነሐስማ ናቸው፤ ዐሥራ ስምንት ኢንች፣ ዐሥር ቀጭን ጣት ያላቸው፣
ሁለት በጋ እንጨት መሰንጠቂያ ቆሜ ያገኘኋቸው።

ሱባሩዬ አርጅታለች፤ በሯ ላይ ዝገት አበባ አውጥቷል፣
ሞተሯ ሲያፏጭ ግን፣ የጎረቤት ውሻ ሸሽቷል።
አምስት ቀዳዳ ለአምስት ቡሎን! «ገጠመ!» አልኩ፤
ማንንም አልጠየቅኩ፣
ኪያቤው ላይ በእግሬ ቆሜ በክብደቴ አጠበቅኩ።

ሰማንያ ላይ ምንም የለ፤ ኩራቴ በመስኮት ይገባል።
ዘጠና ላይ መሪው አንዳች ነገር ያስባል።
መቶ ላይ ጥርስ አወጣ፤ እጄን ነክሶ ያንቀጠቅጣል፣
በመስተዋቱ ውስጥ አንዱ ጥድ አራት ሆኖ ይሮጣል።

ጎሚስታው እርሳስ ለጠፈ፤ «ባላንስ ነው» ብሎ ማለ፤
መሪው ግን ብርድ እንዳገኘው ሰው ሲንዘፈዘፍ ዋለ።

በመጨረሻ ቱሊኪ ጋ ሄድኩ፣ ከወፍጮው ጀርባ።
ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ንግግር ታጠራቅማለች፣
የሰው ገንዘብ ይመስል፣ ቆጥራ ቆጥራ ትከፍላለች።
በክሪክ አነሣችና አንዱን ቸርኬ አወለቀች፣
ውስጡን በጣቷ ዞረችው፣ ካሊብሮ ከኪሷ መዘዘች፤
«ሞዞህ ሃምሳ ስድስት።
የቸርኬህ ቀዳዳ ሰባ ሦስት።»
ከዚያ ዝም። መቀነስ አያቅተኝም ለራሴ፤
ዐሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር አየር ላይ ተቀምጣለች ነፍሴ።

«ቡሎን ይይዛል እንጂ መሐሉን አያውቅም» አለች፣
ከመሳቢያ፣ ከዝገትና ከፊውዝ መሐል አራት ቀለበት ለቀመች።
አሉሚኒየም፤ ከቤት ቁልፌ የማይከብድ፣
አራቱም ተደምረው ከአንድ ምሳ የማይወደድ፤
ማንም የማያየው፣ ማንም ፎቶ የማያነሣው፣
ነሐሱ ሲሞገስ፣ ከኋላ ሆኖ መሐሉን የሚያስታውሰው።

ያኔ አየሁት፤ ከአየር ቱቦው በላይ፣ ምስማር ላይ፣ ሌላ ቀለበት፤
ወርቅ፤ አቧራ ያለበሰው ዓመት በዓመት።
«እሱስ?» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም።
«ማሽን ቀለበት ያለውን ጣት አይምርም።
ማታ ማታ መልሼ አጠልቀው ነበር፤ አንድ ማታ ረሳሁት።
አርቱሪም አልጠየቀኝ፤ እኔም በዚያው ተውኩት።»

የመንገድ ጨው የበላውን ሞዞ በሽቦ ብሩሽ ፈተገች፣
ቀለበቱን በመዳፏ ገፋች፤ ጠቅ አለ። «እንዲህ» አለች።
ዳዶውን በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ዘላ አንዱን፣ አጠበቀች፤
በክብደቷ አይደለም፤ የሚለካ ኪያቤ ይዛ፣ ጠቅ ሲል እየቆመች።
«የግራው ፊት ፓራፋንጎ ይነካል፤ ስትጠመዝዝ ትሰማዋለህ።
ይሄ የምርጫህ ነገር ነው፤ ትኖርበታለህ።
ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ና፤ ብረት እስኪተዋወቅ ይላላል።
ሁሉም እሺ ይላል፤ ሁሉም ይቀራል።»

መቶ ላይ ደረስኩ። መሪው ዝም፣ እንደ ሳህን ውሃ።
ጥዱም አንድ ጥድ ሆነ።

ዘጠና ስድስት ላይ ደጃችን ደርሼ ነበር፤ አልገባሁም፤
የቀረውን አራት በባዶ እርሻ መሐል ዞርኩ፣ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ስደርስ ጋራዡ ሊዘጋ ነው። ምንም አላለችም፤ ኪያቤዋን አነሣች።
አራት ቸርኬ፣ ሃያ ዳዶ፤ ዐሥራ ዘጠኙ ጠቅ አለ፣ ቶሎ፤
አንዱ ብቻ፣ የኋላ ቀኙ፣ የፀጉር ያህል ዞረ፣ ቀስ ብሎ።
«አየህ» አለች።
እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ጣት በጣት፤
አንዷ ላይ ትንሽ ቆየች።
ከዚያ መብራቱን አጠፋች።