የዳለቻ ቦታ

የካ አባዶ፣ ብሎክ አርባ ሦስት፣ ምድር ቤት፤
ዕጣ የሰጠን ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፤
ሲሚንቶው ጠረኑን ገና አልለቀቀም፣
የበሩ ቀለምም በቅጡ አልደረቀም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ቅሳነት አንድ ቃል ያዘች፤
«የገና ዛፍ» አለች።
በማግሥቱ ደገመች። በሠልስቱ አለቀሰች።

ምንተስኖት መርካቶ ወርዶ ዋጋ ጠይቆ መጣ፤
ከጉልበት የማትበልጥ የላስቲክ ጥድ
የወር አስቤዛ ልታስወጣ።
«ጥጡን በረዶ ይሉታል» አለኝ፣ ጫማውን እየፈታ፣
«ዋጋው ግን እሳት ነው»፤ ስቆ ተኛ በዚያች ማታ።

ቅዳሜ በማለዳ ዘንቢል ይዘን ወጣን፣ እኔና እሷ፣
ከአስፋልቱ ጫፍ ማዶ፣ ወደ ተረፈችው ቁራሽ ማሳ።
ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል፤ ስስ፣ ነጭ፣ የሌሊት ሥራ፣
ዋጋ ያልተለጠፈበት፣ ፀሐይ እስኪነካው የሚያበራ።
ቅሳነት በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጠፋባት።
«በዘንቢል አይያዝም እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ቀጋ ለቀምን፣ ቀይ ቀዩን፤ እሾሁ አንጓዬን ጫረው።
የባሕር ዛፍ ፍሬ አፈስን፤ ልጄ ገልብጣ አየችው፤
«እማ፣ ሆዱ ውስጥ ኮከብ አለ!»
አለ። በእውነት አለ።
ይኸን ሁሉ ዓመት እንጨቱን ስማግድ
ዓይኔ ምን ላይ ዋለ?

ከዚያ ጥዱ። ከብሎኩ ጀርባ፣ ከቆሻሻው ገንዳ ጎን፣
ዶዘር የዘለለው አንድ ጥድ።
ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ይዤ ቢላዬን ሳወጣ
«ተይ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።
ጋሽ ደቻሳ፤ አራት ወር ሙሉ «ዘበኛ!» ስል የጠራሁት፣
ስሙን ያን ዕለት ነው የጠየቅሁት።
«አባቴ ነው የተከላት። ለሠርጌ ዳስ እንኳ
ከሷ ላይ ዝንጣፊ አልተነካ።»

ቢላዬን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁ። አፈርሁ።
እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ነፋስ የጣለውን ዝንጣፊ አነሣ፤
«ይቺን እሷው ናት የሰጠቻት» አለ ጋሽ ደቻሳ።

በቀለም ባልዲ ጠጠር ሞልተን አቆምናት፤
ወደ ግራ አዘነበለች፤ ተውናት።
ቀጋውን በክር ሰካን፣ ኮከቦቹን አንጠለጠልን፣
መንገድ ላይ ያገኘናትን የቆቅ ላባ አናቷ ላይ ሻጥ አደረግን።
የሚብለጨለጭ መብራት አልገዛንም፤
ብንገዛስ? መብራት ራሱ የለም።
ሲትራ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ አየችና
«ይቺስ ለምድጃ ናት» ብላ ሳቀች፤
ማታ ግን ልጆቿን አስከትላ
ኮከብ ልታስቆጥራቸው መጣች።

የገና ዋዜማ በሩ ተንኳኳ።
ጋሽ ደቻሳ፣ በሁለት ክንዱ ገለባ ታቅፎ።
ገባ። ዛፏን አላያትም።
ከሶፋው ጀርባ ያለውን ጥግ አየ፣ ረዥም ጊዜ፣
በረቱን ሊከፍት እንደመጣ ሰው።
«እዚህ ነበር የዳለቻ ቦታ። የበሬዬ።
እዚያ፣ አልጋችሁ ካለበት፣ ጥጆቹ።
በሩ በዚህ አልነበረም፤ ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር።»
ገለባውን ከዛፏ ሥር ጎዘጎዘው፣
ጉብ ያለውን በመዳፉ እየደለደለ።
ሻይ ባቀርብለት «ተረኛ ነኝ» አለ።

ሌሊት። ከበሮ ከሩቅ ይሰማል።
ምንተስኖት ቤተ ክርስቲያን ያድራል።
ሻማዋ አልቃለች፤ ቤቱ ሲሚንቶነቱን ትቶ
ገለባ ገለባ ይሸታል።
ቅሳነት አልጋዋን ጥላ ከዛፏ ሥር ተኝታለች።
ብርድ ልብስ ልደርብላት ጎንበስ አልሁ፤ ሞቃለች።
ፊቷን ወደዚያ ጥግ አዙራለች፤
ግንባሯ ላይ የወደቀው ፀጉር
ትልቅ ነገር አጠገቧ እንደሚተነፍስ
ቀስ ብሎ ይነሣል፣
ቀስ ብሎ ይተኛል።