ግራ የገባው ግራ እጅ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በዚያች ቢጫ ስኩተር፣
ከሄርማታ ቁልቁል እስከ ቆጪ ሰፈር፤
ማርሽ የላት፣ ክላች የላት፣
ጋዝ ሲነኩት ጥዝዝ የምትል፣ ሲለቁት እንቅልፍ የሚወስዳት።
ቅርጫቷ ውስጥ ጓንት፣ ሲሪንጅና መርፌ፤
ስንቷን ላም አዋለድኩ በየጓሮው አልፌ።
ዝናብ ያጠበውን ኮብልስቶን ስፈራ፣
ቀኙን አላምነውም፤
የኋላ ፍሬኔን፣ ነፍሴን፣ የማስይዘው ለግራ።

ከዚያ ለዴዶ ዳገት ሞተር ተገዛ፤
ቀይ ነው፤ ቅቤ እንደጠጣ ወይፈን ገላው የወዛ።
«ያንቺ ነው፣ ረውዳ፣» አሉኝ፣ «መንጃ ፈቃድ ስታመጪ፤
እስከዚያው በሸራ ሸፍነሽ አስቀምጪ።»
«እና ዘጠኝ ዓመት ምን ስነዳ ኖርኩ?» ብዬ ስጠይቃት፣
ጸሐፊዋ ሳቀች፦ «ያቺማ በርጩማ ናት፣ ጎማ የበቀለላት!»

አሠልጣኜ ኢዘዲን ነው፣ ጢም ያላወጣ፣ የመንቲና ልጅ፤
የእናቱ ላም ጥጃ የወጣችው በዚህ እጅ።
ግን አያዝንልኝም፤ ከኮኑ ጀርባ ሆኖ ይጮኻል፦
«ክላች ነው፣ እትዬ! ፍሬንማ በእግርሽ ነው! ግራሽን ምን ነክቶታል?»

ምን ነክቶት? ዘጠኝ ዓመት ነው የነካው።
አህያ ሲሻገር፣ የልጆች ኳስ ሲንከባለል፣
ጭብጥ ያደርጋል፣ እንደ ልማዱ፣ ቁም ለማለት፤
ሞተሩ ግን ልጓሙን እንደፈቱለት
በባዶ ይጮኽና ይንደረደራል ቁልቁለት።
«ግራ ገባኝ» ሲባል፣ ነገር ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ እውነት ይገባል፤
ገብቶም በጣት ጅማት ውስጥ ይኖራል፣
ኪራይ ሳይከፍል፣ ዓመት ቢቆጠር።

በሐምሌ ዶፍ መሀል ለፈተና ቀረብኩ።
ስምንት ቁጥሩን ዞርኩ፣ ጠባቧን ሳንቃ አለፍኩ፤
«ቁሚ!» አሉ በመጨረሻ አቶ ጉደታ፣ ጥላ እንደያዙ።
ግራዬ ቀድሞ ሰማ።
ኮኑን ገጭቼ፣ ኩሬውን ሰንጥቄ፣
ከጫማቸው ጫፍ ላይ ቆምኩ፣ ሱሪያቸውን በጭቃ አስጊጬ።
«ወደቅሽ፣» አሉኝ፣ በትሕትና።
ሁለት እግሬ መሬት ነበር፤ አልወደቅኩምና
ምን እንደምል ጠፋኝ።

ነሐሴ ላይ፣ በሌሊት፣ ጊንጆ አንዲት ጊደር አማጠች።
መብራት የለም፤ የባለቤቱ ልጅ የስልክ ባትሪ ይዛ ቆመች።
የጥጃ እግር ያሟልጫል፤
ስታምጥ መሳብ ነው፣ ስታርፍ ማላላት፤
ዝም ብሎ የጎተተ እናቲቱን ይጎዳል።
በግራዬ ነበር የያዝኩት። ቀስ፣ ቀስ፣ ትንሽ ለቀቅ፣
ደግሞ ያዝ፣ ደግሞ ለቀቅ፣
ያቺ ፍጥረት ከጨለማዋ እስክትላቀቅ።
ያኔ ስለ ክላች አላሰብኩም፤ ውሸት ምን ያደርጋል።
ሦስት ቀን ቆይቶ ኢዘዲን «ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ ነው ትዝ ያለኝ፤
ለእሱስ እንዴት ይነገራል?

መስከረም ላይ አለፍኩ። አቶ ጉደታ ቀና ሳይሉ ፈረሙ።
ፎቶዬ ላይ ዓይኔ ተጨፍኗል፤ ምን ይደረግ፣ አንዴ አተሙ።
በማግስቱ ዴዶ ወጣሁ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እንደገና ሁለተኛ፤
ጉሙ ከሄልሜቴ ይንጠባጠባል፤
አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን ገትተው ያዩኛል፣ እንደ ሌላ ዳኛ።

ስኩተሯ ጓሮ ናት፤ ቅርጫቷ አሁን የዶሮ ነው።
ገዢ መጥቶ ነበር፤ «ስትፈለፍል ና፣» አልኩት።
ፈልፍላ፣ አሳድጋ፣ ይኸው ዳግም ታቀፈች።
ማታ ማታ እወጣና፣ ዶሮዋን ሳልነካ እቀመጥባታለሁ፤
መሪዋን እይዛለሁ።
ግራዬ ጭብጥ ያደርጋል፣ ማንም ሳያዘው።
ቆመች።
ድሮም ቆማ ነበር።