በስሚንቶ ስንጥቅ

ሐምሌ ላይ ኢሎኢሎ ዝናቡ ሲያባራ፣
ባሮጌ ጎማ ውስጥ ትንኝ ልጅ ሲያፈራ፣
የሕፃናት ክፍሉ ይሞላል በተራ፤
ባንድ አልጋ ሁለት ልጅ፣ በራስጌ በግርጌ፣
አንድ ላይ አስተኝቶ የሚያነዳቸው ደንጌ።

መድኃኒት የለውም። ይህን ለወላጅ መንገር የኔ ሥራ ነው፦
«ውኃ ነው፣ ግሉኮስ ነው፣ መጠበቅ ብቻ ነው።»
አንዱ አባት ጠየቀኝ ባርኔጣውን ጨብጦ፦
«ታዲያ ሐኪም ቤት ሰው ምን ይሠራል ተቀምጦ?»
መልስ አልነበረኝም።
ጎንበስ ብዬ የጠብታውን ፍጥነት አስተካከልሁ።

አልጋ ዘጠኝ ላይ ነው ኤልማር የሚባለው፣
የሰባት ዓመት ልጅ፣ ድዱ ደም ያዘለው።
አክስቱ ማናንግ ፑሪንግ፣ ዓሣ የምትቸረችር፣
ክንዷ ላይ የቀረ ቅርፊት የሚያበራ እንደ ብር፣
ትመጣለች ማታ፣ ዘበኛው ሲያንጎላጅ፣
ቴርሞስ በጉያዋ፤ «ለዚህ ነው፣ ለዚህ ልጅ።»

ታዋታዋ ናት ውስጡ፤ ማንም የማይዘራት፣
የስሚንቶ ስንጥቅ ብቻ የሚያሳድጋት፣
ግንዷ ቀላ ያለ፣ ቅጠሏ ጠጉራም፣
ሲሰብሯት ነጭ ወተት የምታነባ፣ እዚህ ግባ የማትባል አረም።
«ውሻ የማይሸናበት መርጬ ነው» ትላለች፣
«ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፤ ንጹሕ ናት፣ ሦስቴ ታጥባለች።»

ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ አለ፦
ከውጭ የተፈላ ነገር ለሕሙማን የተከለከለ።
ዶክተር ሆርሚጎስም ነግረውናል ደጋግመው፦
«ጉበቱ ቆስሏል፤ አታስጨንቁት በማናውቀው።»
እውነታቸውን ነው።
እኔም ግን በልጅነቴ፣ ዱማንጋስ፣ ጠጥቼዋለሁ፤
መራራም አይደለም። የሣር ውኃ፣ የዝናብ ሽታ። ከዚያ በላይ ምን አውቃለሁ?

ፊቴን ወደ መስኮት አዞርሁ። አየሁ ልበል? አላየሁም ልበል?
ማንኪያው ከጥርሱ ሲጋጭ ሰማሁ፤ መስማት ግን ማየት አይባል።

ሠላሳ ሁለት ሺህ ነበረ ፕሌትሌቱ፤
በማግስቱ አሥራ ዘጠኝ። ጠቆረ የአክስት ፊቱ።
በስድስተኛው ንጋት ሃያ ስድስት፤
ማታውን አርባ፤ ሲያድር ስልሳ ሁለት!
ፑሪንግ ወረቀቱን ነጥቃኝ ሳመችው፤
የተኛውን ሁሉ ጮኻ ቀሰቀሰችው።
«አላልኩህም?» አለችኝ ቴርሞሷን አቅፋ።
ሳቅሁ። ምን ልበላት፣ በዚያ ደስታ፣ በዚያ ተስፋ?

ይህ በሽታ ቀን አለው፤ ሲደርስ ይመልሳል፤
ቅጠል የጠጣ ይድናል፣ ያልጠጣም ይድናል።
ዶሮ ስለጮኸ ነጋ የሚል ሰው አለ፤
ዶሮው ዝም ቢልስ፣ ፀሐይ የት ትቀር ኖሯል?
ይህን ላስረዳት አሰብሁ፤ ልጁ ሙዝ ሲበላ አየሁና ተውሁት።

አልጋ አራትም ግን ከዚያው ቴርሞስ ጠጥታለች።
ፑሪንግ ናት ያካፈለቻት፤ በዚያችው ኩባያ፣ እኩል ነው የቀዳች።
አማሪሊስ። አምስት ዓመቷ ነበረ።
በማግስቱ ሌሊት ደሟ ከሥሩ ሾለከ፤
ሆዷ ተነፋ፣ እጇ በረደ፤ ሐኪሙም ቅጠሉም እኩል ተንበረከከ።
እናቷ ጫማዋን ፈለገች። ትንሽ ቢጫ ጫማ። ከአልጋው ሥር አጣችው።
ፑሪንግ ናት ያገኘችላት፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻት።
ከዚያ ወዲያ ስለ ቅጠል ቃል አልወጣትም።

ኤልማር የወጣ ዕለት ቴርሞሱ ከጠረጴዛዬ ሥር ቀረ፤
ረስታው ይሁን፣ ትታው፣ እኔ እንጃ። አጠብሁት፤
ሽታው ግን አብሮኝ አደረ።

ዛሬ ጠዋት ከተረኛነት ስወጣ፣ የመኪና ማቆሚያው ጋ፣
ጽዳቱ ሰውዬ ቤርቶ፣ ቢላዋ ይዞ፣ ስሚንቶውን ሲፍቅ፣ አረም ሲወጋ፤
ግንዷ ቀላ ያለች አንዷ ቀርታለች፣ በስንጥቁ ጫፍ።
«ይቺን ተዋት» አልሁት።
«ለምን? መድኃኒት ናት?»
«አላውቅም» አልሁ፣ «ብቻ ተዋት፤ ትለፍ።»