ሁለት ጊጋ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣
ጦሳ ጉሙን ደርቦ እንደተኛ ከላይ፣
የሱቄን መዝጊያ ወደ ላይ ገፍቼ
ማሽኑን አበራለሁ፤ አያለሁ ተጎልቼ።
ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤
እህል እንደሌላት ወፍጮ እንዲሁ ትፈጫለች።
አያ እብሬ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ቆሟል፣
የኩታበር መኪና ሊሄድበት ደርሷል።
«ልጄ፣ ይቺ ነገር ታማ ነው ወይ ጾማ?»
«ሁለት ጊጋ ናት አያ፤ የአሥር ተሸክማ።»

ማታ ሙሄ መጣ፣ ከሆጤ ወርዶ።
«አብሽሪ» አለኝና ዝርዝሩን ከፈተ።
«አየሽ፣ እነዚህ ሁሉ ሳይጠሯቸው አቤት፣
ሳይልኳቸው ወዴት!
ማሽኗ ዓይኗን ሳትገልጥ ከበዋት ገበታ፣
አንቺ እስክትደርሺ የለም የተረፈ ቦታ።»

ምልክቱን እያነሣ አስተኛቸው በየተራ፦
ሁለት ዓመት ያልነካሁትን ፊልም ማያ፤
ጅዳ ያለች እህቴ ትደውልበት የነበረውን፤
የአየር ጠባይ ነጋሪውን፣
ዶፍ እየወረደ ደሴን ፀሐይ ነው የሚለውን።

አንዱ ጋ ሲደርስ እጁ ዘገየ።
«ይኼ የፕሪንተር ነው፤ አርባ ሜጋ ይበላል።
ፕሪንተርሽ የታለ?»

ፕሪንተሩ የሄደው በር የተሰበረ ሌት፣
ከጄኔሬተሩ ጋር፣ ከመጋረጃው፣ ከወረቀት።
ያመጣው ይመር ነበር፣ ወንድሜ፤
ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሚኒባስ ላይ አቅፎት፣
ከመናኸሪያ እስከዚህ በትከሻው ጭኖት።
ማሽኑም ውስጥ የጫነው እሱ ነው፣
ሲዲዋን በሸሚዙ ጠርዝ ወልውሎ።
ይመርም ፕሪንተሩም
የጠፉት አንድ ሳምንት ነው።

ለካ በየጧቱ፣ እኔ ምንም ሳላውቅ፣
ይህ ትንሽ ፕሮግራም ተነሥቶ ሲጠይቅ፣
በሌለ ገመድ ላይ «አለህ ወይ?» ሲል ኖሯል፤
መልስ ሲያጣ ጊዜ ለነገ ቀጥሯል።

«ልዝጋው?» አለ ሙሄ፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው።
«ሌላውን ሁሉ ዝጋ፤ እሱን ግን ተወው።»
«አርባ ሜጋ እኮ ነው፣ ራቢያ!»
«ይብላ።»

በነጋታው ክቧ ሦስቴ ዞራ ቆመች።
የአያ እብሬን ጽፌ፣ በፍላሽ ይዤ ሮጥኩ፣
ከጎረቤት ኮፒ ቤት አሳትሜ ሰጠሁ፤
መኪናውም አላመለጠው።
ስመለስ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ ከታች ጥግ ላይ፣
አንዲት ደብዛዛ ምልክት ብቻዋን ቆማለች፤
በዚያ ሁሉ ግርግር አይቻት አላውቅም።
«አብሽር» አልኩና
መተየብ ቀጠልኩ።