አራት ብር

ጋቢው መቶ ብር ነው፤ ነጋዴው ጨመረ፣
ሃያ በመቶ ሰቅሎ ገዢ አጥቶ አደረ፤
በማግስቱ ደግሞ ሃያ በመቶ ጣለ፤
«ስንት ሆነ ዋጋው?»
ክፍሉ ባንድ አፍ ጮኸ፦ «እኩል ነው! እንዳለ!»

ከኋላ ወንበር ላይ ባር ባር አለው ሆዴ፤
አለነ፣ አባቴ ነው፣ የሰሌዳው ነጋዴ።
ከአዘዞ በጠዋት ጎንደር ገበያ ይወጣል፤
ማታ «አልከሰርኩም» ሲል፣ ወጡ ይቀጥናል።
ሲሰቅል ከመቶ ነው፤ ሲጥል ግን ከሰቀለው፤
ሃያ ገብቶ ነበር፣ ሃያ አራት ጎደለው።

ተነስቼ ወጣሁ፤ ጠመኔው ላብ ጠጣ፤
«ዘጠና ስድስት» ጻፍኩ፤ የጎደለው ሲመጣ፣
«አራት» ልጽፍ ብዬ «እራት» ሆኖ ወጣ።

ክፍሉ ሳቀ።

መምህርት ውባንቺ ሰሌዳውን አየች፤
ዳስተሩን አንስታ፣
መልሳ አስቀመጠች።