ሁለት ጣት

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ዊኒፔግ፣ ካጥር ሥር፣
ጎረቤቴ ኦሲፕ አቀበለኝ አንድ ሥር።
ጋዜጣ የለበሰ፣ ጭቃው ያልረገፈ፣
ስኳር ድንች የመሰለ፣ ገላው የታጠፈ፤
ጎን ለጎን የበቀሉ አምስት ቀያይ ዓይኖች፣
ሊወጡ የቃጡ የጥጃ ቀንዶች።

«ፒዮኒ ነው» አለኝ፣ «የሃሊና ነበር፣
በሃምሳ ስምንት ነው የገባው ከምድር።
እሷ ካለፈች ወዲህ ጉልበቴ አይታጠፍም፤
አበባ ደግሞ ቆመው ቢለምኑት አይሰማም።
ስትተክይው ታዲያ፣ ዓይኑን የሚያለብሰው
ሁለት ጣት አፈር ነው፤ ሦስተኛ አትጨምሪው።»
ጣቶቹን አሳየኝ፣ ሌባ ጣትና መሐል፤
የመሐሉን ግማሽ ባቡር ወስዶበታል።

እኔ ግን አውቶብስ ነጂ ነኝ፣ ተማሪ አመላላሽ፤
የጥርን ንጋት አውቀዋለሁ፣
ሞተር ሲያጣጥር፣ መስታወት ሲያቃስት፣
ሽፋሽፍት ከሽፋሽፍት ሲጣበቅ።
ሁለት ጣት አፈር! ለዚህ አገር በረዶ!
በሆዴ ሳቅሁበት።
ስንዝር ከጋት ወረድሁ፣ አዘንሁለትና፣
ፍግ፣ ቅጠል፣ ድርቆሽ ደራረብሁበትና
ከላይ አነጠፍሁለት አሮጌ ብርድ ልብስ፤
ሬሳም ይሞቀዋል ይህን ሁሉ ቢለብስ።

በመጀመሪያው ግንቦት ቅጠል።
በሁለተኛው ቅጠል።
በሦስተኛው ቅጠል፤ ወፍራም፣ አንጸባራቂ፣
ሠርግ ቤት ለብሶ መጥቶ ስጦታውን የረሳ
እንግዳ ይመስላል።
«ጎመን ነው የሰጡሽ!» አለኝ ልጄ ኢዮስያስ።

ካጥሩ ወዲያ ማዶ የኦሲፕ ጓሮ ነጭ ነው፤
አንዱ የሕፃን ራስ ያህላል፣ ዝናብ ያጎበጠው፤
በሽቦ ቀለበት አገዱን ደግፎ፣
እንደ ሰከረ ዘመድ ይዞታል አቅፎ።
አንድ ቀን እምቡጡን ጉንዳን ወርሮት ባይ
የሳሙና ውሃ ይዤ ሮጥሁ።
«ተያቸው» አለኝ፣ «ማር ሊልሱ ነው፤
ጠጥተው ይሄዳሉ፣ ቤት አያፈርሱም።»

በአራተኛው መስከረም በምርኩዝ መጣ።
ካገዱ አጠገብ ሌባ ጣቱን ሰደደ፤
ጣቱ አለቀ፣ መዳፉ ገባ፣ የእጅ ሰዓቱ ጠፋ፤
ዓይኑ አልተገኘም።
ቀና ብሎ አየኝ።
«እኔ ትከይው አልሁሽ፤
አንቺ ቀበርሽው።»

«ብርዱን ፈርቼለት ነው።»
«ብርዱን ነው የሚፈልገው!
ሳይበርደው የከረመ ዓይን
ቢነጋም አይገለጥም።»

ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ፤ እኔ ዙሪያውን ማስሁ፣
ሥሩ እንዳይቆስል በጣቴ እየፈለፈልሁ።
አወጣነው፣ አጠብነው፣ መለስነው፤
ሙሉውን ጣትና ጎዶሎውን አጋድሞ
እሱ ለካ፣ እኔ አለበስሁ።
ብርድ ልብሱን ለውሻው ሰጠሁ።

በዚያ ዓመት ጥር፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣
አውቶብሱን ሳሞቅ ቦታውን አየሁት፤
በረዶው ላይ የጥንቸል ዱካ ብቻ።
ልሸፍነው እጄን በላኝ፤
እጄን ኪሴ ከተትሁት።

በቀጣዩ ሰኔ ተኮራርፈን ዋልን፤
የተነቀለ ሥር ቂም ይዞ ይከርማል።
በማግሥቱ ዓመት ግን አንድ እምቡጥ፣ እንደ ጡጫ፣
ሦስት ቀን አስጨንቆኝ ተፈታ።
ሮዝ ነበር።
እኔ የጠበቅሁት ነጭ።

ኦሲፕ ያኔ ቤቱን ሸጦ
ከአረጋውያን ሕንፃ ገብቷል፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ልጆቹን አድርሼ፣ በወረቀት ኩባያ፣
ከመሪው አጠገብ አስቀምጬ ወሰድሁለት።

አየው። መነጽሩን ጠረገ። ደግሞ አየው።
«ይሄ የሃሊና አይደለም። የእሷ ነጭ ነው።
ጎን ለጎን ነበሩ፤ ቅጠሉ ከታጨደ
ማን ከማን ይለያል?
አንዱን እሷ ተከለች፣ ሌላውን እኔ፤
ብርዱን ፈርቼለት...»
ሳቁ ሳል ሆነበት።
«‹ጎመንህ› ትለው ነበር። እልህ ይዞኝ አልነካሁትም።
ስልሳ ዓመት ሙሉ
ቀለሙን አላየሁትም።»

ጉንዳን ነበረችበት፣ በአውቶብስ አብራኝ የመጣች፤
ከአበባው ወርዳ በሌባ ጣቱ ሄደች፣
ወደ መሐሉ ተሻገረች፣
ጎዶሎው ጫፍ ላይ ቆማ
መንገዱ የት እንደ ገባ ፈለገች።